«እሳትና ጭድ» ወይስ «ቱግ»? የአልካሊ ብረቶች ጠባይ በአማርኛ

ጥያቄ፣ ከአዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ የቋንቋ ወዳጆች። የልጄ የኬሚስትሪ መምህር «ሶዲየምና ውሃ እሳትና ጭድ ናቸው» ብለው አስተምረዋል። ፈሊጡ ቦታውን አግኝቷል ትላላችሁ? «አልካሊ»ስ ከየት የመጣ ቃል ነው?

መልስ፣ ከማራኪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከቀላሉ ልጀምር። «አልካሊ» ከዐረብኛው «አል ቀሊ» የመጣ ነው፤ የተቃጠለ ተክል አመድ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 እ.ኤ.አ. ፖታሲየምንና ሶዲየምን በኤሌክትሪክ ለይቶ ሲያወጣ፣ ፖታሲየሙን ያገኘው ከዚሁ ከአመድ ከሚገኘው ፖታሽ ነው።

እሳትና ጭድ የምንለው አብረው መዋል ለማይችሉ ሰዎች ነው። በፈሊጡ ጭዱ ይነዳል፣ እሳቱ እሳት እንደሆነ ይቀራል። ሶዲየምና ውሃ ሲገናኙ ግን ሁለቱም ይለወጣሉ፦ ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣል፣ ውሃው ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይቀራል። መምህሩ ተማሪ እንዲጠነቀቅ ማለታቸው ከሆነ ጥሩ ብለዋል። እኔ ግን «ቱግ»ን እመርጣለሁ። እሳትም ቱግ ይላል፣ ሰውም ቱግ ይላል።

አማርኛችን እኮ ለአልካሊ ብረቶች፣ ማለትም ለሊቲየም፣ ለሶዲየም፣ ለፖታሲየምና ለመሰሎቻቸው የታደለ ነው! ሊቲየም ውሃ ላይ ረጋ ብሎ ይፍለቀለቃል። ሶዲየም ቸስ ይላል። ስሙ ብረት ይባል እንጂ በቢላ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ፊቱ እንደ ብር ያበራና ወዲያው ይደበዝዛል። ላምባ ውስጥ የሚቀመጠውም አየርና እርጥበት እንዳያገኘው ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ውሃ ላይ ስትጣል፣ በ98 ዲግሪ ገደማ ስለምትቀልጥ በራሷ ሙቀት ትድቦለቦላለች። ወዲያ ወዲህ ስትሯሯጥ ቆይታ አልቃ ትጠፋለች። ውሃው ላይ ፊኖልፍታሊን (አልካሊ ሲያገኝ ቀለሙ የሚለወጥ መጠቆሚያ) ጠብ ተደርጎ ከነበረ በሄደችበት ሁሉ ሮዝ ይሆናል።

ፖታሲየም ነው እንግዲህ ቱግ የሚለው፤ ነበልባሉ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው። ሩቢዲየምና ሲዚየም ጧ ይላሉ፣ የመስታወት ዕቃ ሊሰብሩም ይችላሉ። (ሲዚየም የሚቀልጠው በ28.5 ዲግሪ ነው። መተማ ቢወሰድ በታሸገ ብልቃጡ ውስጥ፣ ጥላ ስር እንዳለ ይቀልጣል።) ምክንያቱ አንድ ነው፦ በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ወደ ታች በወረድን ቁጥር የአቶሙ የመጨረሻዋ ኤሌክትሮን ከመሃሉ፣ ከኒውክለሱ ትርቃለች፣ በቀላሉም ታመልጣለች።

ከፒያሳ፦
ታዲያ ጨው ውስጥ ሶዲየም አለ ከተባለ፣ ወጥ ውስጥ ሲገባ ለምን ቸስ አይልም?

መልስ፣ ከማራኪ፦
ግሩም ጥያቄ ነው። የጨው ሶዲየም ያችን ኤሌክትሮን አስቀድሞ ለክሎሪን ሰጥቷል፤ ከእንግዲህ ቱግ የሚልበት ነገር የለውም። ድሮ ጎንደር ገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል የነበረው አሞሌም ዝናብ ቢነካው ይሟሟ ነበር እንጂ አይነድም። ስለዚህ ስለሚነደው ስናወራ «የሶዲየም ብረት» ብለን እንለየው። ሐኪም «ሶዲየም ቀንስ» ሲል የሚያወራው ስለ ሌላው፣ ጨው ውስጥ ስላለው ነው።