በአንድ ወር ግማሽ ደኸየን እንዴ? እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ነው ያለሁት፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ኢትዮጵያንና ስዊዘርላንድን አነጻጽር ተብዬ አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሬያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የነሱ የነፍስ ወከፍ ገቢ ወደ 100 ሺህ ዶላር ነው። የኛ ከ1,300 አይበልጥም። ከ70 እጥፍ በላይ ማለት ነው። እሺ። ግን ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዶላር ካሰላሁት በአንዴ በግማሽ ደኸየን! ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የምትሸጠው አክስቴ ግን በዚያ ሰሞንም እንደ ወትሮው ቲማቲሟን ቆልላ ነው የዋለችው። (ሒሳቧ በጭንቅላቷ ነው፤ እሱንስ ማን ይመዘግበዋል?)

በመግዛት አቅም አስተካክለው (ማለትም የየአገሩን የዋጋ ልዩነት ቆጥረው) ሲያሰሉት ደግሞ ልዩነቱ ወደ 30 እጥፍ ገደማ ይወርዳል። እዚህ ፀጉር መቆረጥ ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ይገባኛል። ነዳጅና መድኃኒት ግን የሚገባው በዶላር ነው። እዚያ ላይ ርካሽነታችን ምን ይሠራልናል?

ታዲያ የቱን ልጻፍ? ሁለቱንም ካስቀመጥኩ የቱ ለምን ይጠቅማል? አቦ የገባችሁ በቀላሉ አስረዱኝ፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ አቀርባለሁ።