ግሪን ካርድ ይዞ ትንሽ ሽጉጥ መታጠቅ፦ ቨርጂኒያ ያላችሁ የጅማ ልጆች

የአዌቱ ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት። ያለሁት አሌክሳንድሪያ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ዜግነት ገና ነኝ። ማታ ማታ በገዛ መኪናዬ ዕቃ አደርሳለሁ፤ ወንዙን ተሻግሬ ዲሲም ሜሪላንድም እገባለሁ። ትንሽ ሽጉጥ ገዝቼ በሕጋዊ መንገድ መታጠቅ አስቤያለሁ። ወረቀቴ ይፈቅድልኛል ወይ? ግሎክ 19 ይሻላል ወይስ ከሱ የሚያንሱት፣ ግሎክ 43ኤክስ ወይም ሲግ ፒ365? ዐሥር ሰዓት መኪና ውስጥ የሚቀመጥ ሰውስ የት ጋ ነው የሚታጠቀው? ሌላው ደግሞ፣ ጅማ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነገሩን ሰምቶ «ለእኔም አንድ ላክልኝ» ብሏል። ቡና ነጋዴ ነው። ምን ብዬ ልመልስለት?

ጋሽ ጅሬን
ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ልጄ፣ ከወረቀቱ እንጀምር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ መግዛት ይችላል። የሚከለከለው ወረቀት የሌለውና፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ እንደ ቱሪስትና ተማሪ ባለ ጊዜያዊ ቪዛ የገባው ነው። ፈቃድ ካለው ሱቅ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት አለብህ። ሱቁ 4473 የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ያስሞላሃል፤ ግሪን ካርድህ ላይ ያለውን የውጭ ዜጋ ቁጥርም ትጽፋለህ። ቅጹ የሚገዛው ለራስህ መሆኑን ይጠይቃል። ወንድምህ በላከው ገንዘብ ለሱ እየገዛህ «ለራሴ ነው» ብለህ ብትፈርም የፌዴራል ወንጀል ነው። ወደ ውጭ መላኩ ደግሞ ሌላ ወንጀል ነው፤ ያለ አሜሪካ የኤክስፖርት ፈቃድ ሽጉጥ ከዚህ አገር አይወጣም። የወንድምህ ጉዳይ እዚህ ላይ ይዘጋ።

ደብቆ የመያዝ ፈቃዱን የሚሰጥህ የምትኖርበት ከተማ ወይም ካውንቲ ሰርኪት ፍርድ ቤት ነው። ማመልከቻውን ትሞላለህ፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀት ታያይዛለህ። ሥልጠናው በአካል የተወሰደ መሆን አለበት፤ የኢንተርኔቱን ከ2021 መግቢያ ወዲህ አይቀበሉም። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ ይወስናል፣ ፈቃዱ 5 ዓመት ያገለግላል። ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ አያገኘውም፤ አንተ ግን ነህ።

አሁን ወደ ዋናው። የቨርጂኒያ ፈቃድ የሚሠራው እስከ ድልድዩ ድረስ ነው። በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ተሻግረህ ሜሪላንድ ብትገባም፣ በ14ኛው ጎዳና ድልድይ ዲሲ ብትገባም ወረቀቱ ዋጋ የለውም፤ ሁለቱም የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበሉም። ሁለቱም የራሳቸውን ፈቃድ የሚሰጡት 16 ሰዓት ካሠለጠኑ በኋላ ነው፤ ዲሲ 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ ይጨምራል፣ ሽጉጡም መመዝገብ አለበት። እዚያ ታጥቀህ ብትያዝ ለዜጋው ጠበቃና ገንዘብ ነው፣ እስርም ሊሆን ይችላል። ለአንተ ግን በጦር መሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት ግሪን ካርድ ያዥ ከአገር ሊባረር ይችላል። ዜግነት ሊወስድ ጥቂት የቀረው ሰው በአንድ ድልድይ ምክንያት ይህን ሁሉ ያጣል።

«ጥይቱን አውጥቼ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ እቆልፈዋለሁ» የሚል አይጠፋም። የፌዴራሉ የማጓጓዝ ከለላ መነሻህም መድረሻህም ላይ መታጠቅ ሲፈቀድልህ ነው። ዲሲ ዕቃ ለማድረስ የሚገባን ሰው አይሸፍንም።

ሂርማታ 9
ጋሼ ሕጉን ጨርሰውታል፣ እኔ ወደ ብረቱ ልግባ። ሦስቱም 9 ሚሊ ሜትር ናቸው። ግሎክ 19 ካዝናው 15 ጥይት ይይዛል፤ ሞልቶ ወደ 850 ግራም ይመዝናል። 43ኤክስ 10 ይይዛል፣ ቀጭን ነው፣ እጀታው ግን ከ19 ብዙም አያጥርም። ፒ365 በ2018 ሲወጣ ያን በሚያህል ትንሽ አካል 10 ጥይት በመያዙ ነው ገበያውን የቀየረው፤ ባዶውን ግማሽ ኪሎ ያህል ነው።

ሱቅ ውስጥ ስትይዘው ትንሹ ይጥምሃል። የተኩስ መለማመጃው ሬንጅ ላይ ግን ትንሹ ነው የሚረግጥህ። የሚቀልለው ብረት ርግጫውን እጅህ ላይ ይጥለዋል፤ ከእጀታው የምትወርደው ትንሿ ጣት ደግሞ መያዣ ታጣለች። የእጅህ አንጓ ከላላ ስላይዱ፣ በተኩሱ ወደ ኋላ የሚሄደው የላይኛው ብረት፣ ሙሉውን መንገድ ሳይሄድ ይመለስና የተተኮሰው ጥይት ባዶ ቀለህ መውጫው ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰው ወዲያው ሽጉጡን ይረግማል፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንጓው ነው። የመዳፍህን ሥር ከስላይዱ በታች እስከሚችለው ድረስ ከፍ አድርገህ ያዝ፣ ሁለተኛው እጅ ክፍተቱን ይሙላ።

ጥይቱ አልቆ ስላይዱ ወደ ኋላ ተከፍቶ ካልቆመ ወደ ጥገና ሩጫ የለም። በፒ365 ላይ ብዙ ጊዜ አውራ ጣትህ የስላይድ ማቆሚያውን ተጭኖት ነው። ጣትህን ትንሽ ወደ ውጭ አውጣ።

ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ጥይቱ ከዒላማው ወደ ታችና ወደ ግራ የሚሄድበት ቃታውን በድንገት ሲጭን ወይም ርግጫውን ፈርቶ አስቀድሞ ወደ ታች ሲገፋ ነው። ማጋለጫው ይኸውላችሁ፦ ሌላ ሰው ካዝናህን ሲሞላ በመካከል አንድ ሁለት ባሩድ የሌላቸው የልምምድ ጥይቶች ይቀላቅል፣ የት እንዳሉ አይንገርህ። ያ ጥይት ላይ ስትደርስ «ቀጭ» ይላል እንጂ አይፈነዳም። ያኔ አፈሙዙ ወደ መሬት ዝቅ ካለ ያየኸው ፍርሃትህን ነው። ጀማሪ ሦስት ሜትር ላይ ካለ ወረቀት ይጀምር፣ ከዚያ ወደ 7 ሜትር ይሂድ። 25 ሜትር ላይ ቆሞ ጥይት የሚያባክን ሞልቷል።

የአዌቱ ልጅ
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ረስቼው ነበር፣ እኔ ግራኝ ነኝ።

ሂርማታ 9
እንግዲያው ያልኩትን ገልብጠው፤ የአንተ ስህተት ወደ ታችና ወደ ቀኝ ይሄዳል። የካዝና መልቀቂያው በሦስቱም ላይ ወደ ሌላው ጎን ይዛወራል። የስላይድ ማቆሚያው ግን በ43ኤክስና በፒ365 ግራ ጎን ላይ ብቻ ነው፤ በሁለቱም በኩል ያለው አምስተኛው ትውልድ ግሎክ 19 ነው። ለግራኝ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ስለ መታጠቁ። ገንዘብህን ሆልስተር በሚሉት የሽጉጥ ማኅደርና በቀበቶ ላይ አውጣ። ሆልስተሩ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ኪዴክስ የሚሉት ይሁን፤ ቃታውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን፣ ሽጉጡ ሲወጣም አፉ አይጨማደድ። ቆዳው ሲያረጅ አፉ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽጉጡን ስትመልስ ቃታውን የሚጫነው እሱ ይሆናል። ቀበቶው 38 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ የማይታጠፍ ይሁን። ለስላሳ ቀበቶ ላይ እጀታው ወደ ውጭ ያዘነብልና በሸሚዝ ላይ ጎልቶ ይታያል። ጎልቶ የሚያሳጣ አፈሙዙ ሳይሆን እጀታው ነው። ስለዚህ ያጠረ አፈሙዝ ያለው ሽጉጥ ለመደበቅ ይቀላል ማለት አይደለም፤ ረዘም ያለው ሆልስተር ከቀበቶው በታች ስለሚደገፍ እጀታውን ወደ ሆድ ይገፋዋል።

መኪና ውስጥ የቀኝ ዳሌ ላይ የሚታጠቅ ሹፌር የወንበር ቀበቶው መቆለፊያ ይጋረጥበታል። ግራኝ ከዚህ ይድናል፤ ያንተ ችግር በሩና የክንድ ማስደገፊያው ነው። ፊት ለፊት፣ ከእምብርት ትንሽ ወደ ግራ የሚታጠቁ አሉ፤ የወንበር ቀበቶው ከሽጉጡ በታች ይለፍ፣ ሸሚዙ ከሱ በላይ ይሁን። ዐሥር ሰዓት ስትቀመጥ ግን ሆድህን ይወጋሃል፤ አፈሙዙ በኩል የሚደረግ ትንሽ የስፖንጅ መደገፊያ ብዙ ያቀልልሃል።

ሽጉጥ ብቻውን በሩ ኪስ ወይም ወንበር ሥር አይቀመጥም፤ አንድ ፍሬን ላይ ተንሸራቶ እግርህ ሥር ይገባል። መኪና ውስጥም አታውጣው፣ አትመልሰው። ማውለቅ ካለብህ ከነሆልስተሩ ነው። ስትመልሰው ዓይንህ ሆልስተሩ ላይ ይሁን፣ ሸሚዙን በሌላው እጅህ ያዝ፣ ቀስ በል። የሸሚዝ ጫፍ ወይም የጃኬት ገመድ ቃታው ዘንድ ገብቶ የገዛ ጭኑን የሚመታ ሰው የሚፈጠረው በዚች ቅጽበት ነው።

አንድ ነገር ሰው አያውቅም። ማታ አውጥተህ ጠዋት ያንኑ ጥይት ደግመህ ደጋግመህ ብታቀባብለው አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፋል። ከአጠገቡ ካለው ጋር በቁመት አስተያየው፤ አጥሮ ከታየ አትተኩሰው፣ የባሩዱ ግፊት ከልክ በላይ ይሄዳል።

ላብ ብረት ይበላል፣ የሸሚዝ ብናኝም ዘይት ላይ ይለጠፋል። በሳምንት አንዴ አራግፈህ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ዘይቱ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። ግሎክን ለመፍታት ቃታው መጫን አለበት፤ መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ፣ ስላይዱን ጎትተህ ጥይት ማጉረሻውን በዓይንህ እይ፣ በጣትህ ዳስስ። ካዝናው ሳይወጣ ስላይዱን የጎተተ ሌላ ጥይት አጉርሷል።

ወጪው በግምት፦ ሽጉጥ 550፣ ሆልስተር 80፣ ቀበቶ 50፣ ሥልጠና 100፣ ፈቃድ 50፣ 500 ጥይት 150። 980 ዶላር።

የመንደራዋ
980 ዶላር! ለብረት! እናንተ ልጆች፣ ያንን ገንዘብ ጅማ ብትልኩት ክረምቱ ሳይገባ የእናት ቤት ቆርቆሮ ይቀየራል፣ ተርፎም ለአባት መድኃኒት ይሆናል። ሰው ወደ ውጭ ሲሄድ «ሠርቼ እረዳችኋለሁ» ብሎ ነው የሄደው፤ አሁን ጥይት ሲቆጥር ያመሻል። የመስከረም ዝናብ ጠብ ሲል የሚሸተው አፈር ናፈቀኝ እንጂ የባሩድ ሽታ የሚናፍቀው ማነው? እኔስ ሥራ ቀይር ነው የምልህ ወንድሜ።

ጋሽ ጅሬን
እህቴ እውነትሽን ነው፣ ግን ልጁ በሌሊት የሚሠራው ያንኑ ለመላክ ነው። ሌላም ያልተነሳ አለ። የኡበር ደንብ ሹፌሮቹ ሽጉጥ እንዳይዙ ይከለክላል፤ የምትሠራበትን አፕ ደንብ አንብብ፣ ሕግ ቢፈቅድም አካውንትህን ይዘጉታል። ፖስታ ቤት አይገባም፣ የቨርጂኒያ ኤርፖርት ተርሚናልም አይገባም። ምግብ ቤት ታጥቀህ ገብተህ ክትፎ መብላት ይቻላል፤ ቢራ ከቀመስክ ግን ወንጀል ነው። ቤትህ ሕፃን ካለ ደግሞ፣ የጎረሰ ሽጉጥ ሳይቆለፍ ትቶ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለአደጋ ማጋለጥ በቨርጂኒያ ያስከስሳል። ሱቁ ከሽጉጡ ጋር የሚሰጥህን መቆለፊያ ሳጥኑ ውስጥ አትርሳው።

ትልቁ ግን ይኸ ነው። 4473 ቁጥጥር የሚደረግበት አደንዛዥ ወይም አነቃቂ ነገር በሕገ ወጥ መንገድ ትጠቀም እንደሆነ ይጠይቃል። የጅማ ልጅ ምርቃናውን «ኧረ ቅጠል ነው» እያለ ነው የሚፈርመው።

የአጋሮ ሰው
አቦ ጋሼ! ወላሂ አሁን ጫት እዚህ ውስጥ ምን ዶለው? ቅጹ ላይ ጫት የሚል ቃል የለም። አንብቤዋለሁ።

ጋሽ ጅሬን
ቃሉ የለም፣ በውስጡ ያለው ካቲኖን ግን አለ። አሜሪካ ካቲኖንን ከሄሮይን ጋር አንደኛው መደብ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቅጠሉ ሲደርቅ የሚቀረው ካቲን አራተኛው መደብ ውስጥ ነው። «የሚመጣው የደረቀ ነው» የምትሉት ስለዚህ አያድንም። ማሪዋናም እንደዚሁ፤ ቨርጂኒያ በ2021 ብትፈቅደውም የፌዴራሉ ቅጽ አይለቅም።

የአጋሮ ሰው
አባቶቻችን ቅመውት ቁርኣን የቀሩበትን፣ ዱዓ ያደረጉበትን ከሄሮይን ጋር! አሜሪካ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው ማለት ነው?

ጋሽ ጅሬን
ትክክል ነው አላልኩም፣ ያስከስሳል ነው ያልኩት። የሚቅም አይግዛ፣ የሚገዛ አይቃም። በአንድ እጅ ሁለቱ አይያዝም።

ጅማ ያለሁ
ስለ ወንድምየው ከዚህ ልናገር። እዚህ የሚሠራው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ ያለ ፈቃድ መያዝም ከውጭ ማስገባትም ወንጀል ነው። መንገድ ላይ ፍተሻ ተገኝቶበት መሣሪያው ቢቀርበት እንኳ እሱ ራሱ ይታሰራል። ከአጋሮ ጅማ ብር በማዳበሪያ ይዞ የሚመላለስ ነጋዴ ችግሩ ብሩ ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር ያዙረው፤ የሚዘረፍ ካልያዘ ሽጉጥ ምን ያደርግለታል?

የመንደራዋ
ይኸውላችሁ! ሰው ተናገረ።

የአጋሮ ሰው
ገበሬው ጥሬ ብር ካላየ ቡናውን አያወርድም። ቴሌብር ያለው ሁሉ ቡና ገዝቶ አያውቅም።

ጅማ ያለሁ
አንተ ደግሞ ከሄድክ ስንት ዓመትህ ነው? አሁን ገበሬውም ስልክ አለው።

አስተባባሪ
ስለ ጫትና ስለ ቡና ግብይት ሌላ ርዕስ ይከፈት። እዚህ የአሌክሳንድሪያው ጥያቄ ይቀጥል።

የአዌቱ ልጅ
ጋሼ፣ የገባኝ ዲሲና ሜሪላንድ በምገባበት ማታ ሽጉጡ ቤት ይቀራል ማለት ነው። እኔ ደግሞ የማልሻገርበት ማታ የለም። ታዲያ 19ኙን ነው ወይስ 43ኤክስን የምትሉኝ?

የአጋሮ ሰው
ጋሼ፣ ስለ ካቲኖኑ አልጨረስንም።