መኪና ተበላሸብን፤ መልካ ቁንጡሬንና ጢያን ዛሬውኑ በታክሲ ማዳረስ ይቻላል?

ሶሲ (ዓርብ ጠዋት 2:35)
ወገኖች በፈጠራችሁ! መኪናዋ ሞቃ ጭስ በጭስ ሆነች። ጋራዥ ገብታለች፣ መካኒኩ «ከሰዓት ኑ» ብሎናል። የመካኒክ ከሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለቱንም ሙዚየም ዛሬ ማየት አለብን፣ ነገ የሚባል የለም። ከመልካ ወደ ጢያ የሚሄድ መኪና ይገኛል? ከየት ነው የሚያዘው? የቱን እናስቀድም? ቶሎ በሉ፣ ስልኬ 40 ፐርሰንት ነው።

ፒያሳ ሰፈር
ቀላል ነው። መርካቶ አውቶቡስ ተራ ሂድና የቡታጅራውን ያዝ። ግን በጠዋት 12 ሰዓት ነው መገኘት ያለብህ፣ አሁን አርፍደሃል።

ሶሲ
አንደኛ አንቺ ነው። ሁለተኛ ዓለም ገና ነን እኮ! ጋራዡ ዓለም ገና ነው። ወደ ኋላ መርካቶ ልመለስ?

ፒያሳ ሰፈር
ታዲያ ዓለም ገና ነን አትይም እንዴ? በምን እንወቅ፣ ጠንቋይ ነን?

መክብብ ጋራዥ
እኅቴ፣ የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ እንዳትከፍቱ! ፊት ያቃጥላል። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ቱቦዎቹን እዩ፣ የፋኑን ቺንጋ እዩ። ብዙ ጊዜ ቴርሞስታት ነው።

ሶሲ
ወንድሜ መኪናውን ተወው፣ መካኒክ ይዞታል። እኔ የጠየቅኩት ስለ መንገድ ነው።

ሾፌር ነበርኩ
ልጄ፣ ዓለም ገና ላይ መቆማችሁ እንዲያውም ዕድል ነው። የጅማና የቡታጅራ መንገድ የሚለያየው እዚያው ነው። ወደ ጅማው፣ ማለት ወደ ሰበታ በሚሄደው ላይ እንዳትቆሙ፣ ወደ ግራ የሚታጠፈውን የቡታጅራ መንገድ ያዙ። ሁለቱም ቦታ ያለው በዚያው አንድ አስፋልት ላይ ነው፣ መቀያየር የለም። መጀመሪያ አዋሽን የምትሻገሩበት መልካ ይመጣል፣ ከዚያ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀጥላችሁ ጢያ ናት። ስንት ሰው ናችሁ? ስንት ሰዓት መመለስ አለባችሁ? እነዚህን ሳትነግሪኝ ልመልስልሽ አልችልም።

ታሪክ ወዳድ
ይቅርታ ግን መጀመሪያ የምናወራውን እንወቅ። ጢያ ሙዚየም አይደለም። ትክል ድንጋይ ነው፣ ሜዳ ላይ የቆመ የመቃብር ቦታ ነው። 36 ሐውልቶች አሉ፣ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በጉራጌው ሶዶ አካባቢ ብቻ 160 ገደማ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ተገኝተዋል። ሙዚየም የሚባለው መልካ ቁንጡሬ ነው፣ እሱም ቢሆን አራት ጎጆ ቤቶችና የቁፋሮው ቦታ ናቸው። እና «ሁለት ሙዚየም» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ስህተት ነው።

ዝም አልልም
ይሄው ጀመረ። ሴትዮዋ መንገድ ላይ ቆማለች፣ እሱ ስም ያወጣል።

ሶሲ
ሙዚየም ይሁን ሜዳ ግድ የለኝም ወንድሜ! አጥር አለው፣ ትኬት ይቆረጣል፣ ለእኔ ሙዚየም ነው። ጋሼ፣ አራት ነን። ማታ 4 ሰዓት በረራ አለ፣ 1 ሰዓት ላይ ቦሌ መድረስ አለብን። የሚበረው የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከቨርጂኒያ መጥቶ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሠርግና ለቅሶ ስናዞረው ከረምን። የጂኦሎጂ ተማሪ ነው፣ ከመጣ ጀምሮ የሚለምነን ይሄንን ብቻ ነበር። ለመጨረሻው ቀን አቆየንለት፣ እንግዲህ ጉዱን እዩት።

ዝም አልልም
ለመጨረሻ ቀን ማቆየት! ሐበሻነት።

ሾፌር ነበርኩ
እሺ አሁን ገባኝ። ስሚኝ ልጄ። ሩቁን አስቀድሙ። መልካን በጭራሽ አሁን እንዳትወርዱ፣ ቢያጓጓችሁም በመስኮት እያያችሁ እለፉት። ቀጥታ ጢያ ሂዱ። መኪናው ብዙ ካልቆመ ከዓለም ገና አንድ ሰዓት ከሩብ ቢፈጅ ነው። መልካን በመመለሻ ታያላችሁ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ አመሻሽ ላይ መኪና ካጣችሁ መልካ ላይ ብትቀሩ ለዓለም ገና ቅርብ ናችሁ፣ ኮንትራትም ቢሆን ይገኛል። ጢያ ላይ ከቀራችሁ ግን በረራው አለቀለት።

ፒያሳ ሰፈር
አልስማማም። ከቡታጅራ የሚመጣው መኪና መልካ ሲደርስ ጢም ብሎ ነው የሚያልፈው፣ መንገድ ዳር ቆመው ሲያጨበጭቡ ይመሻል። መልካን አሁን ቢያዩት፣ ከዚያ ጢያ፣ ከጢያ በአንድ ጉዞ አዲስ አበባ።

ሾፌር ነበርኩ
ጢያስ ሲደርስ ባዶ ነው ያለህ ማነው? መሙላቱ ያው ነው፣ እዚያ ደግሞ ርቀቱ ይጨመርበታል።

መክብብ ጋራዥ
ክዳኑን እንዳትከፍቱ አደራ። ውሃ ብቻ አትሙሉበት፣ ኩላንት ይግባበት።

ቡኢ የተወለድኩ
የአካባቢው ልጅ ነኝ፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ሩቁን ማስቀደሙ ልክ ነው። የመመለሻውም ነገር ልክ ነው፣ ጢያ ላይ ለአራት ሰው የሚሆን ክፍት ወንበር ይዞ የሚያልፍ መኪና በስንት ጊዜ አንዴ ነው። መላው ይሄ ነው፦ ከጢያ ስትጨርሱ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪና እዚያው ቆማችሁ አትጠብቁ፣ ወደ ፊት ቡኢ ሂዱ፣ ቅርብ ናት። ቡኢ ላይ ተራ ይዞ የሚጭን መኪና አለ፣ ከመነሻው ስለምትገቡ ወንበር ትመርጣላችሁ። እሱ መልካ ያወርዳችኋል። ለረዳቱ ገና ስትሳፈሩ «መልካ ወራጅ» በሉት፣ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ብትጮሁ አሳልፎ ነው የሚጥላችሁ።
ደግሞ ዛሬ ዓርብ ነው። ጁምዓ ስለሆነ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት መኪናው ይሳሳል፣ ብዙ ሾፌር መስጊድ ነው የሚሆነው። እሱን ሰዓት መንገድ ላይ ሳይሆን ድንጋዮቹ ጋ አሳልፉት።

ማኪያቶ
ቡኢ ድረስ ሄደው ክትፎ ሳይበሉ ሊመለሱ ነው? ኧረ ነውር ነው።

ዝም አልልም
ዛሬ ዓርብ ነው ተብሏል ወንድሜ። ጾም!

ማኪያቶ
ልጁ ከቨርጂኒያ ነው የመጣው፣ ይፈታለታል።

ሶሲ
ቡኢ የተወለድከው እግዜር ይስጥህ! አሁን የቡታጅራው መንገድ ላይ ቆመናል። የሚያልፈው ሁሉ «ቡታጅራ ቡታጅራ» ይላል፣ ጢያ ስንል ፊቱን ያዞራል። ምን ይሻላል?

ሾፌር ነበርኩ
አትከራከሪ። የቡታጅራውን ሙሉ ታሪፍ እንከፍላለን በዪ፣ ጢያ ላይ ወራጅ ነን። እሱ የሚፈራው ወንበሩ ከጢያ ወዲያ ባዶ እንዳይሄድ ነው። ቅጥቅጡን ተዉት፣ ሚኒባስ ጠብቁ፣ ዶልፊን ቢሆን ደግሞ ፈጣን ነው። ከቻላችሁ አንዳችሁ ጋቢና ግቡ።

ሶሲ
ጋቢናው ለእማዬ ይሆናል፣ ጉልበቷን ያማታል። ብዙ በእግር መሄድ አትችልም።

ቡኢ የተወለድኩ
እንዴ! እናትሽ አሉ? ይሄን አሁን ነው የምትነግሪን?

ሶሲ
አራት ነን ብያለሁ እኮ። እሷን ትተን የት እንሄዳለን፣ መኪናዋ የእሷ ናት።

ቡኢ የተወለድኩ
እሺ፣ ችግር የለም። ጢያ ከከተማዋ እስከ ድንጋዮቹ በእግርም ይኬዳል፣ ግን ለእማማ ባጃጅ ያዙላቸው። ባጃጁን አትልቀቁት፣ ይጠብቃችሁ፣ የመጠበቂያውን ሂሳብ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። መልካ ላይ ግን ከዋናው መንገድ ገባ ይላል፣ ታፔላ አለ። ጎጆዎቹ አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆኑ ለእሳቸው አይከብድም። ቁፋሮው ጋ ያለው መንገድ ነው ወጣ ገባ የሚለው፣ እዚያ እናንተ ሂዱ፣ እሳቸው ጥላ ስር ይቀመጡ።

ታሪክ ወዳድ
ልጁ ጂኦሎጂ የሚማር ከሆነማ ይሄን ንገሩት። መልካ ቁንጡሬ የታወቀው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያገኘው ደከር የሚባል የኔዘርላንድ የውሃ ባለሙያ ነበር። ከዚያ ፈረንሳዮቹ እነ ሻቫዮን ለዓመታት ቆፈሩት፣ ቀጥሎ ጣሊያኖቹ ገቡበት። ጎምቦሬ የሚባለው ቦታ ላይ 700,000 ዓመት የሆነው የሰው እግር ዱካ ተገኝቷል፣ የሕፃናት ጭምር፣ ገና ድክ ድክ የሚል የአንድ ዓመት ልጅ የሚያህል ሁሉ አለበት። ትልልቆቹ ድንጋይ እየጠረቡ፣ ጉማሬ እየበለቱ፣ ልጆቹ አጠገባቸው ጭቃ ላይ ሲሯሯጡ አስቡት። ባልጪት ደግሞ ከዚያ በ7 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለው የባልጩት ምንጭ ነው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ሁለቱ አብረው በዩኔስኮ ተመዘገቡ። እና ባልጪትን ሳያዩ መልካን አየን ማለት

ዝም አልልም
ሦስተኛ ቦታ ሊጨምርባቸው ነው!

ተጓዥ ነኝ
ካነሳችሁትማ አዳዲ ማርያምም እኮ እዚያው ነው። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን፣ በላሊበላ ዘመን ነው የሚባለው። እዚያ ደርሶ ሳይሳለሙ መመለስ ይከብዳል።

ሾፌር ነበርኩ
ተዉ እንጂ! አዳዲ ከአስፋልቱ ወጥቶ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ኮረኮንች ነው። መኪና ላለው ሰው ነው። እነዚህ ልጆች 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ናቸው፣ ሻንጣ እንኳ አልያዙም መሰለኝ።

ሶሲ
ሻንጣው ቤት ነው። አያት። ወይኔ።

ፒያሳ ሰፈር
አያት?! ከዓለም ገና አያት፣ ከአያት ቦሌ፣ በዓርብ ማታ መንገድ! ሰው ቤት ካለ ሻንጣውን በራይድ ቀጥታ ቦሌ ላኩት ብላችሁ ደውሉ። አሁኑኑ ደውዪ፣ ስልክሽ ሳይዘጋ።

ሶሲ
አሪፍ ሐሳብ ነው! ታናሽ እኅቴ አለች። ደወልኩ። ተነጫነጨች ግን እሺ ብላለች።

ዝም አልልም
እስካሁን ከተሰጠው መልስ ሁሉ የሚጠቅመው ይሄ ነው፣ እሱንም የሰጠው መርካቶ ሂጂ ያለው ሰውዬ ነው።

ቡኢ የተወለድኩ
አንድ ነገር ልጨምር። ሲሳፈሩ ሾፌሩን ስለ መንገዱ ጠይቁት፣ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው እሱ ስለሆነ የዕለቱን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መታወቂያ ያዙ፣ የአገር ልጅና የውጭ ዜጋ ትኬት ዋጋው ይለያያል። ልጁ ቢጫ ካርድ ካለው እሱንም ይዞ ይሂድ። ዝርዝር ብርም ያዙ።

ማኪያቶ
አማርኛ ይችላል?

ሶሲ
«እሺ» እና «በቃኝ» ይችላል። በሦስት ሳምንት የለመደው እነሱን ነው።

ሶሲ (3:20)
ተሳፈርን!!! ሙሉ የቡታጅራ ታሪፍ፣ ጋሼ እንዳሉት። እማዬ ጋቢና ናት፣ ከሾፌሩ ጋር ዘመድ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም።

ሾፌር ነበርኩ
ጎሽ የእኔ ልጅ። በሰላም ያግባችሁ። እስከ 8 ሰዓት ከጢያ ውጡ፣ 10 ሰዓት ላይ መልካን ጨርሳችሁ መንገድ ዳር ሁኑ። 10 ሰዓት ተኩል ድረስ መኪና ከጠፋ ቆማችሁ አትጠብቁ፣ እስከ ዓለም ገና ኮንትራት ጠይቁ። ለአራት ስትካፈሉት አይጎዳም፣ የበረራ ትኬት ከመቃጠሉ አይብስም።

መክብብ ጋራዥ
ጋራዡ ያሉት ሰዎች ቴርሞስታቱን አውጥተው ሊጥሉት ይችላሉ፣ «አያስፈልግም» ይላሉ። እሺ አትበሉ።

ሶሲ (5:05)
ጢያ ገባን። ባጃጁ ይጠብቀናል። የሚያስጎበኘን ልጅ እዚህ አካባቢ ሽማግሌዎች «የግራኝ ድንጋይ» ይሉታል አለን። ሰይፍ የተቀረጸበት ብዙ ነው። እውነት የግራኝ ነው?

ታሪክ ወዳድ
አይደለም! ግራኝ 16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እዚያ የተቀበሩት ሰዎች ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ያሉ ናቸው፣ እሱ ሳይወለድ በፊት። ሕዝቡ ትልቅ ድንጋይ ሲያይ ለትልቅ ሰው መስጠት ስለሚወድ ነው እንጂ። ሰይፉን በተመለከተ ደግሞ «የሰይፉ ቁጥር የገደለው ሰው ቁጥር ነው» ይሏችኋል፣ ምልክቶቹ ግን አብዛኞቹ እስከ ዛሬ በቅጡ አልተፈቱም።

ዝም አልልም
ለመጀመሪያ ጊዜ በተጠየቀው ላይ መለሰ።

ሶሲ (6:50)
ልጁ ከድንጋዮቹ አልላቀቅ ብሏል። እያንዳንዱን በእጁ ሊነካ ነበር፣ ጠባቂው ተቆጣው። «እሺ» አለ። እማዬ አጥሩ ጋ ቁጭ ብላ ከባጃጁ ልጅ ጋር ቆሎ እየበሉ ነው። አሁን ወደ ቡኢ ልንወጣ ነው። ስልኬ 6 ፐርሰንት፣ መልካ ስንደርስ በልጁ ስልክ

ቡኢ የተወለድኩ
ቡኢ ስትደርሱ ወደ አዲስ አበባ የሚጭኑት የሚቆሙበትን ማንንም ብትጠይቂ ያሳይሻል።

ሾፌር ነበርኩ (10:15)
ልጄ መልካ ደረሳችሁ?

ሾፌር ነበርኩ (11:40)
ሶሲ?

ፒያሳ ሰፈር
ስልኳ ሞቷል። ልጁስ የአሜሪካ ስልክ ነው፣ ሲም አይኖረውም።

ማኪያቶ
ክትፎ ቤት ነው ያሉት እያልኳችሁ ነው።

ሾፌር ነበርኩ (ቅዳሜ ጠዋት 1:10)
ልጁ በረረ? አንድ ቃል በይን እንጂ፣ አላስተኛሽኝም።

ሄለን ዘ ሳሪስ (እሑድ)
ሰላም፣ እኔም በሚቀጥለው ሳምንት ይሄንኑ ጉዞ ላደርግ አስቤ ነበር። ከቡኢ የተነሳው መኪና መልካ ላይ አወረዳቸው ወይስ አለፋቸው? የሚያውቅ አለ?

መክብብ ጋራዥ
እኔ ማወቅ የምፈልገው ቴርሞስታት መሆን አለመሆኑን ነው።