የእናቴ ውስጥ እግር ሌሊት ሌሊት ይለበልባታል፣ ጋቢ ሲነካት እንኳ አትችልም፤ ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦
እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር ከያዛት 9 ዓመት ሆኗታል፤ ሜትፎርሚን 1000 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። ከዓመት ወዲህ ሁለቱም እግሮቿን ከጣቶቿ ጀምሮ ይነዝራታል፣ ጉንዳን የወረራት ያህል ውርር ያደርጋታል። ቀን ቀን ትችለዋለች፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ግን እንደ እሳት ይለበልባታል። እስካሁን ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዛን እንሰጣታለን፣ ማታ ማታ ደግሞ እግሯን በጨውና በሙቅ ውሃ እንዘፈዝፍላታለን። ጎረቤቶች «ኒውሮቢዮን ትወጋ» እያሉን ነው። የሦስት ወር ስኳሯ 9.1 ነው። አጽዋማትን በሙሉ ትጾማለች። ቀጠሮዋ ገና ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው።

የስኳር ክትትል ነርስ፦
እህቴ፣ የሙቅ ውሃውን ነገር ከዛሬ ማታ ጀምሮ ተዉት። የሚለበልበው እግርና ሙቀት የማይለየው እግር አንድ እግር ነው። የታመመ ነርቭ የሌለ ቃጠሎ ይናገራል፣ ያለውን ቃጠሎ ግን አይናገርም። እናትሽ «ለብ ያለ ነው» የሚሉት ውሃ ቆዳ ሊልጥ ይችላል፣ ውሃ መቋጠሩ የሚታየው በማግስቱ ነው። ቡና ሲፈላም እግራቸውን ወደ ከሰሉ አይዘርጉ።

መታጠብ ግን አይቅር። ውሃውን አንቺ በክርንሽ ለኪው፣ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፣ በጣቶቹ መሃል በደንብ ይድረቅ። ቫዝሊን ለተረከዝና ለእግር ጀርባ ነው፤ በጣቶቹ መሃል ከተቀባ ቆዳው ረጥቦ ይሰነጠቃል፣ ፈንገስም በዚያ ይገባል።

ዛሬ ማታ ደግሞ ይህን ሞክሪ። ጋደም ብለው ዓይናቸውን ይጨፍኑ። በጣትሽ ጫፍ የቀኝ እግራቸውን አውራ ጣት፣ ቀጥሎ የቀኝ ትንሿን፣ ከዚያ የግራ አውራ ጣት፣ የግራ ትንሿን፣ በመጨረሻ የቀኝና የግራ መካከለኛ ጣቶችን ንኪ። መንካት ብቻ እንጂ መጫን፣ መኮርኮር ወይም ደጋግሞ መነካካት የለም፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። በተሰማቸው ጊዜ «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው እግራቸው አደጋ ላይ ነው፣ ቀጠሮ መጠበቅ የለም።

ፋርማሲስት፦
ዲክሎፌናክ ለዚህ ሕመም አይሆንም። እሱ የሚያስታግሰው ያበጠና የተቆጣ አካልን ነው፤ እዚህ ያለው ችግር የነርቩ የራሱ ጉዳት ነው። ጥቅም ሳይሰጥ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ኩላሊት ደግሞ ስኳር ራሱ የሚያጠቃው ነው፤ ኢናላፕሪልና የሚያሸና የግፊት ኪኒን አብረው የሚወስዱ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል።

የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፣ ሁሉም በሐኪም ትእዛዝ። ርካሹና በየቦታው የሚገኘው አሚትሪፕትሊን ነው። በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም፣ ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ይጀመራል፤ እኩለ ሌሊት ከተዋጠ ጠዋት ሰውየው ደንዝዞ ይውላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ የአፍ መድረቅና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፣ እፎይታው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን «አልተስማማኝም» ተብሎ ይጣላል። ወረቀቱ ላይ «ለድብርት» የሚል አንብቦ የሚደነግጥም አለ። ለነርቭ የሚሰጠው መጠን ከድብርቱ ያነሰ ነው። የልብ ምት መዛባት፣ የዓይን ግፊት ወይም ሽንት የመያዝ ችግር ካለባቸው ግን አይሆንም፤ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሌላው ጋባፔንቲን ነው። የተለመደው አጀማመር ማታ 300 ነው፣ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ እየጨመረ በቀን ሦስት ጊዜ 300 ይደርሳል፣ እንደ ሁኔታው ከዚያም ይዘልቃል። «ጋባፔንቲን አልሠራልኝም» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ማታ 300 ላይ የቆመ ነው። ከመጀመሩ በፊት ክሪያቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይታይ፤ ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይቀንሳል። ሲቆምም ቢያንስ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ እንጂ በአንዴ አይደለም። ከእነዚህ ከየትኛውም ሕመሙ በግማሽ ከቀነሰ ጥሩ ውጤት ነው። መደንዘዙን ግን ኪኒን አይመልሰውም።

አንድ አባል፦
ትራማዶል ለምን አይሞክሩም? ቶሎ ያስታግሳል። የደቀቀ በርበሬ በዘይት ለውሶ መቀባትም አለ፣ ውጭ አገር በርበሬ ያለበት ቅባት ይሸጥ የለ?

ፋርማሲስት፦
ትራማዶልና አሚትሪፕትሊን አንድ ላይ ሲወሰዱ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስነሱ ይችላሉ፤ ሱስም ያስይዛል። ከሌሎቹ በፊት የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። የሚሸጠው ቅባት ውስጥ ያለው የበርበሬው ንጥረ ነገር መጠኑ የታወቀ፣ 0.075 በመቶ ነው። የወጥ ቤቱ በርበሬ አይለካም፤ ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ ሲቃጠል ማንም አያውቅም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ከጣት ጀምሮ በሁለቱም እግር እኩል ወደ ላይ የሚወጣ፣ ሌሊት የሚብስ ከሆነ የስኳር ነርቭ ጉዳት መሆኑ አይቀርም። ሆኖም ስኳር ያለበት ሰው እግር ሁሉ በስኳር አይደነዝዝም። እናትሽ ላይ ሁለት ነገር ተደርቧል፦ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ የቫይታሚን ቢ12 መጠንን ይቀንሳል፣ ቢ12 ደግሞ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው የሚገኘው። የቦካ እንጀራ አይተካውም። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስለሚያከማች ጾም ብቻውን ቶሎ አያጎድልም፣ ከሜትፎርሚንና ከጨጓራ ኪኒን ከኦሜፕራዞል ጋር ሲደመር ግን ያጎድላል። ስለዚህ ቢ12 ይለካ፤ የሚለካውም መርፌው ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ከተወጉ በኋላ ቁጥሩ አያስረዳም። ሜትፎርሚኑን በራሳችሁ አታቁሙ።

ኒውሮቢዮን ውስጥ ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አሉ። ቢ12 ጎድሎ ከሆነ ይጠቅማል፤ ካልጎደለ ቃጠሎውን አያጠፋም። ቢ6 በቀን የሚያስፈልገን ሁለት ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም፣ እነዚህ ኪኒኖች ግን በአንድ ፍሬ 100 ወይም 200 ሊይዙ ይችላሉ። ለወራት ሲዋጥ ቢ6 ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ ያውም እንዲሁ እግር በማደንዘዝ። ባኮው ላይ አንብቡት። የቲቢ መድኃኒት ወስደው ከነበረም ለሐኪሙ ይነገር፣ አይሶናያዚድ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቢ6 ስለሚያሟጥጥ ነው በክትትል ቢ6 የሚታዘዘው። በቆዳቸው ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለና ንክኪ የማይሰማው ቦታ ካለ ደግሞ የሥጋ ደዌ መሆን አለመሆኑ ይታይ።

9.1 መውረድ አለበት፣ ግን በሩጫ አይደለም። በሦስት ወር ውስጥ ከሁለት ነጥብ በላይ በድንገት ሲወርድ የነርቩ ሕመም ራሱ ሊነሳ ወይም ሊብስ ይችላል። ያኔ ቤተሰብ «አዲሱ መድኃኒት ነው ያመጣው» ብሎ ሁሉንም ያስቆማል።

ሕመሙ በአንድ ወገን ብቻ በድንገት ከመጣ፣ ድካሙ በቀናት ውስጥ ከእግር ወደ ላይ ከወጣ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው ወይም አንዱ እግር ካበጠና ከጋለ፣ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ፊዚዮቴራፒስት፦
የሌሊቱ ጋቢ በቀላሉ መፍትሔ አለው። የታሸገ ውሃ የሚመጣበትን ዓይነት ካርቶን ውሰጂ፣ ከሰፊዎቹ ጎኖች አንዱንና ወደ ራስጌ የሚዞረውን ጎን ቁረጪ። በግርጌ ደፊውና እግራቸውን ከሥሩ ያስገቡ፤ ጋቢው ካርቶኑ ላይ ያርፋል፣ እግሩን አይነካውም። የተቆረጠውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኚ፣ ይቧጥጣል። ሲለበልባቸው በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ይበቃል፤ በረዶ አይሁን።

ሌላው መውደቅ ነው። ስሜት የቀነሰ እግር በዓይን ነው የሚረዳው። ፊታቸውን ሲታጠቡ ሳሙናው ዓይናቸውን ሲያስጨፍናቸው ወዲያ ወዲህ ይላሉ? ከሆነ ተቀምጠው ይታጠቡ፣ ሌሊትም ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ላይ መብራት ይደር። ቀን ቀን የወንበር መደገፊያ ይዘው በጣቶቻቸው ጫፍ ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ። ባዶ እግር በቤት ውስጥም አይኬድ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ሲያወልቁ ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፣ ሲመለሱ ውስጥ እግራቸው በመስታወት ይታይ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙከራውን ትናንት ማታ አደረግን፣ ከስድስቱ ሦስቱን አልነገረችኝም። በመስታወት ስናይ ደግሞ የቀኝ ተረከዟ ተሰንጥቆ ደም አርግቷል፣ «አያመኝም» ትላለች። ምላጭ አምጥተን ደረቁን ቆዳ ልናነሳው ነበር።

የስኳር ክትትል ነርስ፦
ምላጩን አስቀምጪው። አለማመሙ ነው ክፉው፤ ያ ስንጥቅ ቢያማቸው ኖሮ ቀድሞ ይታይ ነበር። በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠቢው፣ አድርቂው፣ ደረቅ ጎዝ አድርገሽ ሳታጠብቂ ሸፍኚው። የቡና ዱቄትም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይደረግበት። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይታዩ፤ ዙሪያው ከቀላ፣ ከጋለ ወይም ከሸተተ ግን ዛሬውኑ። አዘውትረው የሚያደርጉትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። ከመውጣታችሁ በፊት እጅሽን አስገብተሽ ተረከዙ በኩል ዳብሺው፣ የወጣ ሚስማር ወይም የተጣጠፈ ሶል ይኖር ይሆናል።