የምራቅ ናሙናዬ ውጤት አልገጥም አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የድድ በሽታ ካለባቸውና ከሌለባቸው ሰዎች ምራቅ ሰብስቤ ኢንተርሉኪን-1 ቤታን (የብግነት ምልክት የሆነ ፕሮቲን) እና ኤምኤምፒ-8ን በኤላይዛ (በፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲን በሚለካበት የላብራቶሪ ዘዴ) እየለካሁ ነው። ኤምኤምፒ-8 በብዛት ከኒውትሮፊል (ከነጭ የደም ሴል ዓይነት) የሚወጣ፣ ኮላጅንን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ስለሆነ ድዳቸው በታመመ ሰዎች ከፍ ማለት ነበረበት። የእኔ ግን የጤነኞቹ ከታማሚዎቹ በልጦ ቁጭ! አንዱን ናሙና ሁለቴ ስለካው እንኳ ቁጥሩ አይቀራረብም።

ምራቁን የወሰድኩት ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ምንም ሳያኝኩ ወደ ቱቦ እንዲያንጠባጥቡ አድርጌ ነው። ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። ሴንትሪፊውጅ ሳላደርግ (በማሽን አሽከርክሬ ዝቃጩን ሳልለይ) በረዶ አደረግኩት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ እየቀለጠ መልሶ በረዶ ሆኗል (የጄኔሬተሩን ነገር ተዉት)። ማቀዝቀዣውም -20 ዲግሪ እንጂ -80 አይደለም። ጥቂቶቹ ናሙናዎች ደም ነክቷቸው ቀላ ብለዋል።

አሁን ያ የሚዝለገለግ ምራቅ ሴንትሪፊውጅ ባደርገው ይተርፋል ወይስ ልጣለው? ደም የነካውንስ ከጥናቱ ላውጣው? ውጤቱን ለጠቅላላ ፕሮቲን እያካፈልኩ ባስተካክለው ያዋጣል? የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የቀረኝ የኤላይዛ ኪት (የመለኪያ ዕቃዎች ጥቅል) አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ከኪሴ ነው የገዛሁት።