ማይልና ኪሎ ሜትርን ያለ ካልኩሌተር በጭንቅላት መቀየር

መንገደኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማይልን ወደ ኪሎ ሜትር ለመቀየር በ1.6 ማባዛት ለክብ ቁጥር ምንም አይልም፤ 47 ወይም 83 ሲመጣ ግን መሀል ላይ ይጠፋብኛል። ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል መመለሱማ ይብሳል፤ በ1.6 ማካፈል በቃል የሚሞከር አይደለም። ስህተቱ ከአንድ በመቶ የማይበልጥ ፈጣን ዘዴ የምታውቁ ብትነግሩኝ። ለመኪና ፍጥነትም ለሩጫም ነው የምፈልገው።

ስሌት፦
በ1.6 ማባዛት የሚከብደው በአንድ ጊዜ ሲሞከር ነው። ቁጥሩን ያዙ፣ ግማሹን ጨምሩ፣ አንድ አስረኛውን ጨምሩ፣ አለቀ። 47 ማይል፦ 47 እና 23.5፣ 70.5፤ 4.7 ሲጨመር 75.2። ትክክለኛው 75.64 ነው። አንድ ማይል 1.609344 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በ1.6 የተሰላ ሁሉ 0.6 በመቶ ያህል ያንሳል። ርቀቱ ሲረዝም በየ100 ማይሉ አንድ ኪሎ ሜትር መልሱለት፦ 500 ማይል 800 ይሆናል፣ 5 ሲጨመር 805። ትክክለኛው 804.67 ነው።

ወደ ማይል ስትመለሱ ማካፈሉን ተዉት። ግማሹን ውሰዱ፣ የግማሹን ሩብ ጨምሩበት። 120 ኪሎ ሜትር፦ 60፣ የ60 ሩብ 15፣ በድምሩ 75 ማይል (በትክክል 74.56)። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ግማሽና አንድ አስረኛ" ይላል፤ እሱ 3.4 በመቶ ያጎድላል። 200 ኪሎ ሜትርን 120 ማይል ያደርገዋል፣ እውነቱ ግን 124.3 ነው።

ተከታታይ፦
የፊቦናቺን ቁጥሮች (እያንዳንዱ ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር የሆነበት ዝርዝር) ለሚያውቅ ሰው ማባዛትም አያስፈልግም፦ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55፣ 89፣ 144። ማይሉን ካገኛችሁ ቀጣዩ ቁጥር ኪሎ ሜትሩ ነው፤ ኪሎ ሜትሩን ከያዛችሁ ደግሞ ያለፈው ቁጥር ማይሉ ነው። የጎረቤታሞቹ ምጣኔ ወደ 1.618 ስለሚጠጋ ነው የሚሠራው፤ ከማይል ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ቢሆንም እጅግ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

በዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ከትልቁ ጀምራችሁ በትኑት። 83 ማለት 55 እና 21 እና 5 እና 2 ነው፤ እያንዳንዱን አንድ እርምጃ ስታሻግሩት 89 እና 34 እና 8 እና 3፣ ድምሩ 134። ትክክለኛው 133.58። 47 ደግሞ 34 እና 13 ብቻ ነው፤ 55 እና 21፣ 76።

የሚያሳስተው የዝርዝሩ መጀመሪያ ነው። 1 ማይል 2 ኪሎ ሜትር አይሆንም፤ ስለዚህ ከ5 በታች ያሉትን ለብቻቸው አትመኑባቸው። ለትንሽ ቁጥር በ10 አባዝታችሁ አስሉና መልሳችሁ በ10 አካፍሉ።

ሯጭ፦
ሩጫ ላይ አቅጣጫው ይገለበጣል። ኪሎ ሜትር ከማይል ስለሚያጥር አንዱን ለመጨረስ የሚፈጀው ደቂቃ ያንሳል። ስለዚህ በኪሎ ሜትር የተሰጠውን ደቂቃ ወደ ማይል ስትወስዱ ነው በ1.6 የምታባዙት።

ሁለተኛው ወጥመድ ሰከንድ ነው፤ 4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ 4.30 አይደለም። ወደ ሰከንድ ቀይሩት፦ 270 እና 135 እና 27፣ 432፤ 7 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። ለእያንዳንዱ የኪሎ ሜትር ደቂቃ ግማሽ ሰከንድ ስትጨምሩ 7 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ይመጣል፣ እሱም ትክክል ነው።

ይቺ ጭማሪ ማራቶን ላይ ዋጋ አላት። "በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ፣ በማይል 8 ደቂቃ" ይባላል፤ በትክክል 8 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነው። በማይል 8 ደቂቃ የሮጠ 42.195 ኪሎ ሜትሩን ከ3 ሰዓት ተኩል በታች ይጨርሳል፤ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ የሮጠ ግን 3 ሰዓት ተኩሉን በ58 ሰከንድ ያሳልፋል። ከ3 ሰዓት ተኩል በታች ለመግባት በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ያስፈልጋል።

መሪ፦
መኪና እየነዱ መበተንና መደመር አያስፈልግም። 30 ማይል በሰዓት 48፣ 50 ማይል 80፣ 60 ማይል 97፣ 70 ማይል 113፤ እነዚህን አራቱን በቃል ያዙ፣ በመሀል ያለውን እያንዳንዱ 5 ማይል 8 ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ ሙሉት። 55 ማይል፦ 80 እና 8፣ 88።

የመርከብና የአውሮፕላን ማይል ከሆነ ግን እስካሁን የተባለው ሁሉ አይሠራም፤ የባሕር ማይል 1852 ሜትር ነው። ቁጥሩን እጥፍ አድርጉና ከመጀመሪያው ቁጥር 15 በመቶውን ቀንሱ፦ 20 የባሕር ማይል 40፣ ሲቀነስ 3፣ 37 ኪሎ ሜትር።