ግጭ ላይ ድንኳን ከውስጥ ሲረጥብ ምን ይደረጋል?

ሰላም፣ የሰሜን ተራሮችን በእግር የምታውቁ ብትረዱኝ። የማደርባቸው ሰፈሮች የተለመዱት ናቸው፦ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ። ጊዜው የመስከረም መጨረሻ፤ ዝናቡ ቢያባራም መሬቱ ገና ውሃ እንደጠጣ ነው።

ድንኳኑ ድርብ ነው (የውስጥ ድንኳንና ከላዩ የሚወጠር ሸራ)፤ ስፌቱ አያፈስም። ግጭ ግን 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት የላይኛው ሸራ ከአየሩም ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከእርጥቡ ሣርና ከትንፋሽ የሚወጣው እንፋሎት እዚያ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ንጋት ላይ ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው ይንጠባጠባል። የላባ መኝታ ከረጢቱ በእግርጌው በኩል ይርሳል። የረጠበ ላባ ደግሞ አያሞቅም፤ ጨነቅ ላይ ውርጭ ከመጣ መከራ ነው።

መተንፈሻዎቹን ከፍቻለሁ፣ ሸራው የውስጡን እንዳይነካ ገመዱን ወጥሬአለሁ፣ ከሥር የሚነጠፈውን ላስቲክ ከወለሉ እንዳይወጣ አጥፌአለሁ (ከወጣ ጠል ይሰበስባል)። እርጥብ ልብስም ውጭ ያድራል። ቀነሰ እንጂ አልቀረም።

ከሜዳው ወጣ ብሎ አስታ ዛፍ ሥር መትከል ይሻላል? ስካውቶቹስ (አብረው የሚጓዙት የፓርኩ ጠባቂዎች) ይፈቅዳሉ? ነፋስ እያለ ሁለቱንም በር ገርበብ አድርጎ ማደር ያዋጣል ወይስ ብርዱ ይብሳል? ዕቃው በበቅሎ ስለሚጫን ክብደት አያሳስበኝም፤ ላባውን በሰው ሠራሽ ሙሌት መቀየርም ይቻላል። ከረጢቱን ውሃ በማያስገባ ሽፋን መጠቅለል ግን የራሴን ላብ ያፍናል ብዬ እፈራለሁ። የሞከረው ካለ ይንገረኝ።